እናታችን በጉበት ነው የሞተችው

የእኔ መኪና ሁለት ፍሬን አላት። አንዱ ተማሪው እግር ሥር ነው፣ ሌላው እኔ እግር ሥር። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ፍሬን» እያሉ ይጠሩኛል፤ የማልሰማ መስሏቸው። ይጥሩኝ። እኔ ባልረግጥ ኖሮ ግማሾቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ የቀሩት ደግሞ ፍርድ ቤት ይመላለሱ ነበር። ሥራው ያወረሰኝ አመል ግን አለ። የሰው መኪና ውስጥ ስቀመጥ ቀኝ እግሬ አርፎ አይቀመጥም። ታክሲ ውስጥ ወለል እረግጣለሁ። እትዬ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጬ ፊልም ሳይ፣ መኪና ሊጋጭ ሲል ምንጣፉን እረግጣለሁ። «ተይ አንቺ ልጅ፣ ምንጣፌን በሳሽው» ትለኛለች።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ አሳድጌ ጨረስኩ ብላ ግን አታውቅም። ዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ስንቱን ወጠምሻ መሪ አስጨብጬ አደባባይ ያዞርኩ ሴት ነኝ። እትዬ ፊት ግን አፍ የለኝም። ሐኪም እኔን «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ሲለኝ፣ «እዚህ ጋ ነው የሚያማት» ብላ የምትመልሰው እሷ ናት። ጫማ ሻጩ ቁጥሬን ሲጠይቀኝ እሷ ትመልሳለች። አንድ ጊዜ ስልኬን የጠየቀኝን ሰውዬ «አትፈልግም» ብላ መለሰችልኝ። ሰውዬው ደግሞ ደህና ሰው ነበር።

ነገሩ የጀመረው በመኪናው ቀበቶ ነው። ሆዴ ላይ ይጫነኝ ጀመር። ወፍሬ ነው ብዬ እራት ተውኩ። ፊቴ ከሳ፣ ጉንጬ ገባ፣ ሆዴ ግን ወይ ፍንክች። በዚያ ላይ ሽንት። ትምህርት መሃል መኪና እያስቆምኩ፣ የሰው ካፌ እየገባሁ «ሽንት ቤት አለ?» ማለት ሆነ ሥራዬ። አንዷ ተማሪዬ ጠጋ ብላ «እርጉዝ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። «ከማን? ከማርሹ?» አልኳት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፤ ማታ ለእትዬ እንደ ቀልድ አድርጌ ነገርኳት። እትዬ አልሳቀችም። ሆዴን በሁለት እጇ ያዘችና አመዷ ቡን አለ። «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለች። ያን ጊዜ ያጋነነች ነው የመሰለኝ።

የአልትራሳውንዷ ባለሙያ ወሬኛ ናት። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ የሚጎተት መጋረጃ፣ ለጠያቂ የሚሆን አንድ የፕላስቲክ ወንበር። ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዴ ላይ ለቅልቃ መሣሪያውን እያንሸራተተች ሥራዬን ጠየቀችኝ። መንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ ነኝ ስላት ፊቷ በራ።

«ወይኔ! እኔን እኮ ወደ ኋላ ማቆም ነው የሚጥለኝ። ሄጄ ሄጄ እዚያ ላይ እወድቃለሁ። መሪውን መቼ ነው የምመልሰው?»

«የኋላ ጎማሽ ከምሰሶው ጋር ሲስተካከል» አልኩ ጣሪያውን እያየሁ።

ጠቅ አደረገች። ስክሪኑ ላይ ካለው ጥቁር ነገር ዳር እስከ ዳር ነጭ መስመር ሳበች። «ሙሉ በሙሉ ነው የምመልሰው ወይስ ግማሽ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

ጠቅ። እንዲህ እያወራን ለካችው። በግራ የእንቁላል ማምረቻዬ ላይ የተቀመጠ፣ ስምንት ሳንቲሜትር የሆነ ነገር። ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ውጤቱን ዶክተሯ ናት የምታስረዳሽ» አለች፤ ከዚያ ሆዴን በወረቀት ጠርጋ፣ ቀሚሴን እንደ ሕፃን ራሷ አለበሰችኝ። ያቺ ቀሚስ ማልበሷ አልጣመችኝም።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ደነዘዝኩ። ጥርስ ሊነቀል ሲል ድድ ያደነዝዙ የለ? ጉንጫችሁን ትነካላችሁ፣ የእናንተ መሆኑን ታውቃላችሁ፣ ግን የሌላ ሰው ጉንጭ ነው። እኔ ከራሴ እስከ እግሬ እንደዚያ ሆንኩ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አስተምራለሁ። እቆጣለሁ ደግሞ፤ እኔ ካልተቆጣሁ ተማሪ አይማርም። ግን ቁጣዬም ከአንገት በላይ ነበር። እትዬ ስታለቅስ «ምን ያስለቅስሻል፣ ገና አልታወቀም እኮ» እያልኩ የማጽናናት እኔ ሆንኩ። ሰው «ጠንካራ ነሽ» ሲለኝ፣ ጥንካሬ አይደለም ብዬ ለመከራከር እንኳ ሰነፍኩ።

ያን ሰሞን ከተማሪዎቼ ሁሉ አንጀቴን ያሳርሩኝ የነበሩት አንድ ሒሳብ ሹም ናቸው። ጡረታ ሊወጡ የደረሱ፣ ከረባታቸውን ሳያስሩ መሪ የማይጨብጡ ሰው ናቸው። አደባባይ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ጨርሶ ባዶ እስኪሆን ይጠብቃሉ። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ያንጣጣዋል፤ እሳቸው ከረባታቸውን ያስተካክላሉ።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ! ይሄ አደባባይ ባዶ የሚሆነው እኮ ከተማው ሁሉ ሲያልቅ ነው!»

«ቆይ እስቲ፣ አንድ መኪና አለች።»

«ማዶ ናት እኮ! ፍሪሲዮን ይልቀቁ፣ ነዳጅ ይስጡ! ኧረ በሞቴ ጋሼ!»

«አንቺ ልጅ፣ ደም ብዛት እንዳትሆኚ» ይሉኛል። ለኔ ነው የሚያስቡት።

የደሙን ውጤት የተቀበልኩት ከእሳቸው ጋር እያለሁ ነው። ላቦራቶሪው የምንለማመድበት መንገድ ላይ ነበርና መኪናዋን ደጃፉ አስቁሜ ገባሁ፣ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። እትዬ በሌለችበት አልከፍተውም ብዬ ነበር፤ እጄ ግን የት ይረፍ። ከላይ «ሲኤ 125» ይላል። ከወዲያኛው ዳር ደግሞ «ከ35 በታች»። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም። ይሄ ሥራዬ ነው እኮ። ሠላሳ አምስት የሚል ምልክት በተተከለበት መንገድ ላይ መቶ ሃያ አምስት የሚነዳ ሰው ምን እንደሚሆን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«በቃ» አልኩ።

«ምኑ ነው በቃ?» አሉ ሒሳብ ሹሙ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ለምን ለእሳቸው እንደሰጠሁ አላውቅም፤ አጠገቤ የነበረው ሰው እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ጠረጉት፣ አጠለቁት፣ በጣታቸው ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሄዱበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ቶሎ በሉ» ብዬ እጮህ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ 125 እኮ የምርመራው መጠሪያ ነው። የሁሉም ሰው ወረቀት ላይ ይኸው ነው የሚጻፈው። ያንቺ ቀጥሎ ያለው ነው። ስልሳ አንድ።»

«ስልሳ አንድም ቢሆን በሠላሳ አምስት መንገድ ላይ ያስቀጣል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ያስቀጣል» አሉ። ሰውዬው መዋሸት አይችሉበትም።

ወረቀቱን አጥፈው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና ሞተር አስነሱ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ፣ ሰውዬው ሆዬ ሳይቆሙ ጥልቅ። ከግራ የመጣ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ለጥቂት ሳተን። መኪናውን አይቼዋለሁ። ገና ሲመጣ ነው ያየሁት። ፍሬኑ እግሬ ሥር ነው። እግሬ ግን አልተነሳም፤ የኔ እንዳልሆነ ቁጭ ብሎ ቀረ። ማዶ ደርሰው ዳር ያዙና ላባቸውን ጠረጉ።

«ለምን አልረገጥሽም?» አሉኝ።

«እርስዎስ ለምን አልቆሙም?»

«እኔማ ያንቺን እያሰብኩ ነዋ» አሉ። እኔ ምን እያሰብኩ እንደነበር ግን ልነግራቸው አልቻልኩም፤ ምንም አላሰብኩም ነበርና።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ጸጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላ የምታስር። እትዬ ሰፊ ቀሚሷን ሰብስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ እኔ ከጎን። ታማሚዋ እኔ መሆኔን ለማወቅ ዶክተሯ ወረቀቱ ላይ ያለውን ዕድሜ ማየት ነበረባት።

«ከደሙ ልጀምር» አለች። «ካንሰር ስንጠረጥር የምንለካው ነው፤ ግን ይህ ቁጥር በብዙ ምክንያት ከፍ ይላል። የወር አበባ ላይ ስትሆኚ ከፍ ይላል። ማህፀን አካባቢ ቁስለት ካለ፣ ክፉ ያልሆነ እጢም ካለ ከፍ ይላል። ካንሰር ኖሮ ደግሞ ዝቅ ብሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ብቻውን አይፈርድም።»

«ብቻውን ካልፈረደ ለምን ይለካል?» አልኩ።

«ከሌላው ጋር አብሮ ሊታይ። ደሙን ስትሰጪ የወር አበባ ላይ ነበርሽ?»

«አልነበረችም» አለች እትዬ። እውነቷን ነው፣ አልነበርኩም። እንዴት እንዳወቀች ግን እግዜር ይወቅ።

ዶክተሯ ከጸጉሯ እስክሪብቶውን መዝዛ ወረቀት ላይ ክብ ሣለች። «አልትራሳውንዱ ያሳየን ይህን ነው። ዝም ብሎ ውሃ የቋጠረ፣ ግድግዳው ስስ፣ ውስጡ ጥርት ያለ ቢሆን ኖሮ ብዙም አልሰጋም ነበር። ያንቺ ግን ውስጡ በስስ ግድግዳ ተከፍሏል። እዚህ ጋ ደግሞ ጠጠር ያለች ነገር ተለጥፋለች።» ክቡ ውስጥ ትንሽ ነጥብ አደረገች። «የምታሳስበኝ ይቺ ናት። በሌላ በኩል ሆድሽ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ የለም። ወደዚች ነገር የሚሄድ ደምም ብዙ አይታይም። ይሄ ጥሩ ነው።»

«እና ምንድን ነው?»

«አላውቅም» አለች።

ወደድኳት። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው እወዳለሁ፤ መኪና ውስጥ የሚገድለን ሌላው ነው።

«የሚታወቀው ወጥቶ ናሙናው ሲመረመር ነው። አሁን ጥያቄው ማን ያውጣው፣ እንዴት ይውጣ ነው። ክፉ ካልመሰለን የኛ ቀዶ ሐኪም በትናንሽ ቀዳዳ ገብቶ፣ ውሃውን መጥጦ፣ አሳንሶ ያወጣዋል። ቶሎ ትነሺያለሽ። ክፉ ነው ብለን ከጠረጠርን ግን ሆድሽ ውስጥ ጠብታ መፍሰስ የለበትም። ካንሰር ሆኖ ከፈሰሰ ይዘራል። ያኔ የካንሰር ቀዶ ሐኪም ጋ ነው የምልክሽ፤ ሳይበሳ እንዳለ ያወጣዋል። ያንቺ ደግሞ መሃል ላይ ነው።» ከዚያ ወደ ሁለታችንም አየች። «ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅ። በቤተሰቡ ውስጥ የጡት ወይም የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር የነበረበት ሰው አለ? እናት፣ አክስት፣ እህት?»

«የለም» አለች እትዬ።

«እናታችሁስ?»

«እናታችን በጉበት ነው የሞተችው።»

ይህንን ስሰማ ነው ያደግኩት። ትምህርት ቤት ሲጠይቁኝ የምለው ይህንኑ ነው፣ ሥራ ስቀጠርም ይህንኑ ብያለሁ። «እናታችን በጉበት ነው የሞተችው።» ዶክተሯ ጻፈችው። «እንግዲያው እዚሁ ይሠራል» አለችና ለቀዶ ሐኪሙ ማስተላለፊያ ሰጠችን። «እሺ» አልኩ። የዚያን ሰሞን ለሁሉም ነገር እሺ እል ነበር።

እትዬ መኪና ውስጥ ዝም ብላ አታውቅም። እኔን፣ አሰልጣኟን፣ «ፍሬቻ አብሪ፣ ቀስ በይ፣ ያቺን ሴትዮ እያት» ስትል ነው ቤት የምንደርሰው። ያን ቀን ግን ትንፍሽ አላለችም። ያቺን ሴትዮ አለፍናት፣ ፍሬቻ ሳላበራ ታጠፍኩ፣ ዝም። ፍራሽ መሸጫው አጠገብ ስንደርስ «አቁሚው» አለች።

አቆምኩ። ፍራሽ ሻጮቹ ትልቅ ፍራሽ ተሸክመው ከፊታችን እያለፉ ነበር። እነሱ እስኪያልፉ ጠበቀች።

«ጉበት አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«የእማዬ።»

ፊቷን ወደኔ አላዞረችም፤ የፊት መስታወቱን እያየች ነው የነገረችኝ። «አባባ ከሞተ በኋላ ነው ሆዷ የገፋው። አንቺ አታስታውሺም። ጎረቤቱ ምን ይል እንደነበር አታውቂም። ‹ባሏ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው? ከማን ነው እቴ?› ሱቅ ስሄድ እሰማለሁ። እሷም ሰማች። ሰፊ ቀሚስ አሰፍታ ቤት ዘግታ ተቀመጠች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ‹ይሄን ሆድ ይዤ በሰው ፊት አላልፍም› አለች። ሰው ፊት ላለማለፍ ነው እኮ የሞተችው! መቆም ሲያቅታት ተሸክሜ ወሰድኳት። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ነው፣ ዘግይታችኋል አለኝ። ቤት መልሼ አስተኝቻት ስወጣ ሴቶቹ ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ‹ምን አሏት?› አሉኝ። ምን ልበል? ማህፀኗ አካባቢ ነው ብል ‹ብለን ነበር› ሊሉ ነው። ጉበት ነው አልኳቸው። ጉበትም ሆድ ያሳብጣል ሲባል ሰምቼ ነበር። አፋቸውን ያዙ። እማዬም ከመኝታዋ ሰምታኝ ኖሮ ‹ጎሽ ልጄ› አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጉበት ሆኖ ቀረ።»

«እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ጎረቤት አልነበረም እትዬ። የጠየቀችሽ ሐኪም ናት።»

«አውቃለሁ። ‹እናታችሁስ› ስትል አፌ ራሱ መለሰ። ከወጣ በኋላ ደግሞ መመለስ አቃተኝ።» ማልቀስ ጀመረች። «ያንቺን ሆድ ስይዝ እኮ አውቄዋለሁ። በእጄ ነው ያወቅኩት። አውቄው ነው እንዲህ ያልኩት።»

መቆጣት ነበረብኝ። ተቀምጬ ቁጣው እስኪመጣ ጠበቅኩት። ለሦስተኛ ማርሽ የሚጮህ ሰው ለዚህ ምን ማድረግ እንዳለበት አስቡት። ምንም አልመጣም። አንዲት ሴት ሰፊ ቀሚስ ለብሳ አልጋ ላይ ተቀምጣ ታየችኝ፤ እናቴ ትሁን አትሁን እንኳ አላውቅም።

«ቀበቶሽን እሰሪ» አልኳት። ከሆዷ ዝቅ አድርጋ፣ ጭኗ ላይ አሰረችው። መኪናዋን አዞርኩ።

ዶክተሯን ያገኘናት ኮሪደሩ ላይ፣ ለምሳ ልትወጣ ቦርሳዋን አንግታ ነው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ግራና ቀኝ ተደርድሯል። እኔ «ገባ ብለን እናውራ» ልል ስል እትዬ ቀደመችኝ። እዚያው ሰው መሃል ቆማ፣ ጮክ ብላ፣ «እናቴ በጉበት አይደለም የሞተችው» አለች። «በእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ነው። ሆዷ ገፍቶ ነበር። ዋሽቼሽ ነው።» አንዲት አሮጊት ከወንበራቸው ቀና አሉ። እትዬ ግድም አልሰጣት።

«ስንት ዓመቷ ነበር?» አለች ዶክተሯ።

«አርባ ሁለት።»

ዶክተሯ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። የሰጠችንን ወረቀት ተቀብላ ቀደደችውና ወደ ካንሰር ቀዶ ሐኪሙ የሚያስተላልፍ ሌላ ጻፈች። ለእትዬ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። «እንኳን ተመለሳችሁ» ብቻ አለች። ከዚያ እትዬን አየቻት። «ይሄ ነገር በቤተሰብ ሊወርድ ይችላል። እርስዎስ ታይተው ያውቃሉ?»

እትዬ ሰፊ ቀሚሷን ሰበሰበች።

«ታይታ አታውቅም» አልኩ እኔ። ስለ እትዬ ስመልስ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

«የኔ ይደርሳል» አለች። «መጀመሪያ የሷ ይውጣላት። እኔ ደህና ነኝ።» ዶክተሯ ለሷም የአልትራሳውንድ ወረቀት ጻፈችላት። እትዬ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከመሀረብና ከቁልፍ ጋር።

የኔ ወጣ። ሳይበሳ፣ እንዳለ፣ ከነእንቁላል ማምረቻው። ሆዴን ከእምብርቴ ወደ ታች ነው የከፈቱኝ። ሒሳብ ሹሙ ከረባታቸውን አስረው ሊጠይቁኝ መጡ፤ ሌላ አሰልጣኝ እንደያዙ በሐፍረት ነገሩኝ። «አይቆጣም፤ አይመቸኝም» አሉ። ናሙናው ተመርምሮ የመጣ ዕለት ዶክተሯ ገና በር ላይ ሆና እየሳቀች ነበር። «ክፉ አይደለም። ያቺም ጠጠር ያለችው ምንም አይደለችም። ንጹሕ ነሽ። ከእናትሽ የተነሳ ግን ክትትል አይቀርም።» እትዬ እልል ማለት ነው የቀራት። የዶክተሯን እጅ ሳመች፣ ግንባሬን ሳመች፣ የአልጋዬን ብረት ሁሉ ሳመች።

እኔ «እሺ» አልኩ። ከዚያ «ፍሪሲዮን መርገጥ የምችለው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ደስታው አልመጣም ነበር። በኋላ ይመጣል አሉኝ። ቤት ተኝቼ ጠበቅኩት፤ ልክ ያን ጊዜ ቁጣውን እንደጠበቅኩት።

እትዬን ይዤ ስሄድ ስፌቴ ገና ይወጋኝ ነበር። ሰበቧ አያልቅም። እኔን ታስታምማለች፣ ቤቱ ቆሽሿል፣ እግሯን ቆርጥሟታል፣ «ደህና ነኝ እኮ፣ ምን ያስቸኩላል» ትላለች። ቦርሳዋን ቀምቼ ወረቀቱን ራሴ አወጣሁ። ስትሸነፍ ጊዜ «እሺ፣ አንቺው መልሽልኝ ብቻ፣ እኔ ጥያቄ አልወድም» አለች። እኔ ያሳደግኳት ይመስል ሳቅኩባት፤ ስፌቴ አስጮኸኝ።

ያው ክፍል ነው፣ ያው መጋረጃ። ባለሙያዋ ስታየኝ እጇን አጨበጨበች። «እንዴ! አሰልጣኝ! አለፍኩ እኮ!»

«እሰይ!» አልኳት።

እትዬ ሰፊ ቀሚሷን ገልባ ተኛች። ከመቼ ጀምሮ ሰፊ ቀሚስ ብቻ እንደምትለብስ ላስታውስ ሞከርኩ። አልቻልኩም። የፕላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት» ትላለች ባለሙያዋ ቅባቱን እየለቀለቀች። «ፈታኙ አጠገቤ ተጎልቷል፣ ፊቱ አይፈታ። የኋላ ጎማው ከምሰሶው ሲስተካከል መሪውን ሙሉ በሙሉ መለስኩት። ልክ ገባች! ልክ! ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ዞር ብሎ አየኝና...»

ቆመች።

ቀጥላ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። እጇ እትዬ ሆድ ላይ እንደቆመ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወደዚያው ሄደ። በሌላ እጇ ስክሪኑን ትንሽ ወደ ራሷ አዞረችው። ጠቅ። መስመር ሳበች። ጠቅ።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«እ?»

«ፈታኙ። ምን አለሽ?»

«አንዴ» አለች፤ ዓይኗን ሳታነሳ።

እትዬ ጣሪያውን እያየች እጇን ወደኔ ዘረጋች። ያዝኩት። «ትንሿ» አለችኝ። ሕፃን ሳለሁ ነበር እንዲህ የምትጠራኝ። «ምን አለች?»

የሁሉንም ጥያቄ ስትመልስ የኖረች ሴት እኔን ትጠይቀኛለች። ፈራሁ። ስምንት ሳንቲሜትሩን ሆዴ ውስጥ ይዤ ስዞር ያልመጣው ፍርሃት አሁን መጣ። እናቴ የሞተችብኝ ዛሬ ገና መሰለኝ። እጇን አጥብቄ ያዝኩ።

«ምንም አላለችም እትዬ» አልኳት።

ጠቅ አለ እንደገና። ዝቅ ብዬ ሳይ ቀኝ እግሬ ወለሉን ረግጧል። ስፌቴ እስኪቀደድ ድረስ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ረግጬዋለሁ።